ልትወልድ የተቃረበች ላም ስትታመም፦ እናትም ጥጃም እንዲተርፉ

ለሥጋ የሚረቡ ላሞች መስክ ውለው መስክ የሚያድሩ ናቸው። እንደ ወተት ላም ጠዋትና ማታ እጅ አይነካቸውም። የቦረና ላምን ያየ ሰው ያውቃል፤ ድርቁንም ረጅሙንም መንገድ ችላ ሕመሟን ደብቃ ትሄዳለች። ባለቤቷ ነገሩን የሚረዳው ከመንጋው ተነጥላ ስትቀር ወይም አንድ ጠዋት መነሳት ሲያቅታት ነው። በዚያ ጠዋት "ትረፍ፣ ነገ ትነሳለች" ማለት ብዙ ላም ገድሏል። ከዚህ በታች ያለው የእንስሳት ሐኪሙ እስኪደርስ እናንተ ልትሠሩት የሚገባው፣ ደግሞም ለእሱ ልትተዉለት የሚገባው ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

የላም እርግዝና በአማካይ 283 ቀን ነው፤ ሻኛ ያላቸው የአገራችን ዝርያዎች ጥቂት ቀን ይጨምራሉ። ኮርማ ያጠቃበትን ወይም ሰው ሠራሽ ማዳቀል የተደረገበትን ቀን በደብተርም ሆነ በበረቱ ግድግዳ ላይ ጻፉ። ሐኪሙ የሚወስነው ሁሉ በዚህ ቀን ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከ260 ቀን በፊት የሚወጣ ጥጃ የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነውና። ቀኑ ካልታወቀ ጡቷ መሙላቱን፣ ከጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ጅማት መላላቱን እዩ።

ስልክ ስትደውሉ እነዚህን ይዛችሁ ደውሉ፦ ስንተኛ ወሯ ነው፣ ስንተኛ ወሊዷ ነው፣ መቼ ተኛች፣ ትበላለች ወይ፣ ታመሰኳለች ወይ፣ እበቷ ምን ይመስላል፣ ከብልቷ የወጣ ነገር አለ ወይ። ቴርሞሜትር ካላችሁ በፊንጢጣዋ ለኩ። ጤነኛ ላም ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ከጥቂት ነጥብ ናት።

ወድቃ መነሳት ያቃታት ላም

ጥጃው ክብደቱን በአብዛኛው የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። የእናትየው ሆድ ግን በዚያው ልክ አይሰፋም፤ ማህፀኑ ጨጓራዋን እየተጫነ የምትበላውን ይቀንስባታል። ይህ ጊዜ ሣር ከደረቀበት ከበጋው ማብቂያ ጋር ሲገጥም ላሟ የራሷን ሥጋና ስብ እያቀለጠች ጥጃውን ትመግባለች። ከሲታዋ ላም አቅሟ አልቆ ትወድቃለች። በጣም የወፈረችው ደግሞ በድንገት መኖ ካቆመች የሟሟው ስብ ጉበቷን ይጎዳዋል። መንታ የያዘች ከሆነ አደጋው ይበልጣል። የካልሲየም ማነስ፣ የዳሌ ጉዳትና ሌላ በሽታም እንዲሁ ሊጥላት ይችላል፤ ስለዚህ "የራብ ነው" ብላችሁ አትዝጉት።

አሁን ወደ ሥራው። በጎኗ ተዘርግታ ከሆነ ወዲያው በደረቷ እንድትተኛ አድርጉ፤ እግሮቿን ከሥሯ ሰብስባችሁ ትከሻዋን በገለባ ጥቅል ደግፉት። በጎኗ የተኛች ላም ሆዷ በጋዝ ይነፋል፣ ትንፋሿም ይታፈናል። ጭንቅላቷ ወደ ቁልቁለቱ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ቦታው ድንጋያማ ወይም ጭቃ ከሆነ በሰፊ ሸራ ወይም ሳንቃ ላይ አድርጋችሁ ወደ ደረቅ ቦታ ውሰዷት። በአንገቷ ወይም በእግሯ አትጎትቷት፤ በጭራዋ ማንሳትም ጉዳት ነው። ከሥሯ ጉልበት የሚውጥ ገለባ ወይም አሸዋ አንጥፉ፣ ጥላ ሥሩላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ላሟን የሚያተርፋት ግን እሱ ነው። በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ከአንዱ ታፋ ወደ ሌላው አገላብጧት። አንድ ግዙፍ ላም በአንድ ታፋዋ ላይ ለሰዓታት ስትተኛ ክብደቷ የጡንቻውን ደም ይዘጋል፤ መጀመሪያ የጣላት ነገር ቢታከምም እግሯ ሞቶ ይቀራል። በመንደር ውስጥ ተራ ገብቶ የሚያገላብጥ ሰው ማግኘት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ውሃ አፏ ሥር አድርጉ፣ ለስላሳ ድርቆሽ ወይም እርጥብ ሣር አቅርቡ። እህል ግን በገፍ አትስጧት። አዝነው የበቆሎ ዱቄት ወይም ስንዴ በሳፋ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ ያልለመደ ጨጓራ በአንድ ቀን ይኮመጥጥና እሱ ራሱ ይገድላታል። ጥቂት ፉርሽካ ወይም ሞላሰስ በትንሽ በትንሹ ይሻላል። ደክማ መዋጥ ያቃታትን ላም በጠርሙስ አታጠጡ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ግሉኮስና ካልሲየም በደም ሥር መስጠት የሐኪሙ ሥራ ነው። ካልሲየም በፍጥነት ከገባ ልብን ያቆማል፤ ስለዚህ ገበያ ላይ የተገዛ ጠርሙስ ይዛችሁ እንዳትሞክሩት። በሁለት በሦስት ቀን ለውጥ ካልታየ ምጥ የሚያመጣ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ይወስን ይሆናል። ከባዱን ሸክም ከላሟ ማውረድ አንዳንዴ ብቸኛው ሕክምና ነው።

ከብልቷ ቀይ ነገር ሲወጣ

ከመውለዷ በፊት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የብልቷ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ለስላሳ፣ ሮዝ፣ ከብርቱካን እስከ ኳስ የሚያክል። መጀመሪያ ስትተኛ ይወጣና ስትቆም ይመለሳል። በዚህ ደረጃ ሐኪም ከመጣ ቀላል ነው። ከተተወ ያብጣል፣ ይቆሽሻል፣ የሽንት ፊኛዋንም ያፍናል።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ጓንት አድርጉ። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ካበጠ ስኳር በደንብ ነስንሱበት፤ ስኳሩ ውሃውን ስቦ እብጠቱን ይቀንሳል። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሻና አሞራ እንዳይነካው ጠብቁ። ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ባለ ቦታ ብታቆሟት ሆድ ዕቃዋ ወደ ፊት ይሄድና ግፊቱ ይቀንሳል። ነጭ ጋዝ፣ አመድ፣ ቅጠል አትቀቡ። በኃይል አትግፉ፤ ይቀደዳል። ሐኪሙ ከጭራዋ ሥር ማደንዘዣ ወግቶ ይመልሰዋል፣ በሰፊ ክር ይሰፋዋል።

ያ ስፌት ከምጥ በፊት መፈታት አለበት። ይህን እረኛውም፣ ልጆቹም፣ በረቱን የሚጠርገውም ሰው ይወቅ። ሳይፈታ ምጥ ከመጣ ጥጃው ይታፈናል ወይም እሷ ትቀደዳለች። ችግሩ በሚቀጥለው እርግዝና ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ በዘርም ሊተላለፍ ይችላል፤ ስለዚህ ጥጃዋን ካሳደገች በኋላ ትሸጥ፣ ሴት ልጇንም ለዘር አታስቀሩ።

ከወለደች በኋላ እስከ ቋንጃዋ የሚንጠለጠል፣ እንደ አዝራር ያሉ እብጠቶች የሞሉበት ነገር ከወጣ ማህፀኗ ነው። ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። አታንቀሳቅሷት፤ ትልቁ የደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። በንጹሕ አንሶላ ደግፋችሁ ያዙትና ሐኪም ጥሩ።

ሆዷ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ በርሜል ከነፋ

በማህፀኗ ውስጥ ከልክ ያለፈ ውሃ ተጠራቅሞ ይሆናል። ከኋላ ስትታይ በሁለቱም ጎን ክብ ትሆናለች፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ መኖ ትተዋለች። ውሃው ከ100 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። እውነቱን ልናገር፤ የብዙዎቹ ፍጻሜ ጥሩ አይደለም፣ ጥጃውም እምብዛም አይተርፍም። ቶሎ ተወስኖ ምጥ ከተጀመረላት እናትየው ልትድን ትችላለች። ውሃውን በመርፌ ለማፍሰስ አትሞክሩ።

ምጡ ሲጓተት

የእንሽርት ውሃዋ ከታየ በኋላ ከዚህ በፊት የወለደች ላም በግማሽ ሰዓት፣ ጊደር በአንድ ሰዓት ውስጥ ለውጥ ማሳየት አለባት። ሁለት የፊት እግርና አፍንጫ ከታየ መልካም ነው። አንድ እግር ብቻ፣ ጭራ ብቻ፣ ወይም የሰኮናው መዳፍ ወደ ላይ የዞረ ከሆነ አትጎትቱ፤ ሐኪም ጥሩ። ቀኗ ደርሶ እየተነሳች እየተኛች፣ ሆዷን እየረገጠች፣ ውሃውም ጥጃውም ካልታየ ማህፀኗ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ አቅጣጫውን በእጁ ለይቶ ላሟን በመሬት ላይ አንከባሎ ይፈታዋል። በግምት ካንከባለላችሁ ግን ይብስ ይጠመዘዛል።

ስትጨነግፍ

የወጣውን ጽንስና እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አትንኩ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከብት የሚያስጨነግፍ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰው ይተላለፋል። እርጉዝ ሴቶችና ልጆች አይቅረቡ። መርማሪ ናሙና ከወሰደ በኋላ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፣ ላሟን ለይታችሁ አቆዩ፣ ወተት ሳታፈሉ አትጠጡ።

ስለ ማረድም አንድ ነገር። ልትሞት ነው ተብሎ ቢላ የሚመዘዝባት ላም ብዙ ናት። መድኃኒት የተወጋች ከሆነ ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን ሳያልፍ ሥጋዋ ለሰው አይሆንም። በድንገት የሞተች፣ ከአፍንጫዋና ከፊንጢጣዋ የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈስባትን አባ ሰንጋ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ አትክፈቷት፣ ቆዳዋን አትግፈፉ፣ ለወረዳው አሳውቁ።

ጥጃው ከተረፈ

ከደከመች እናት የተወለደ ጥጃ ራሱ ቆሞ እስኪጠባ አትጠብቁት። አፍንጫውን ጥረጉ፣ በገለባ እሹት፣ እትብቱን በአዮዲን ንከሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ እንገር ይጠጣ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሊትር ይድረሰው። እናቱ ጡቷ ባዶ ከሆነ በዚያው ቀን ከወለደች ጤነኛ ላም እንገር ተበድራችሁ በጡጦ ስጡት። እንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ አትጎትቱት፤ ድንጋይም አታንጠልጥሉበት፤ ሐኪሙን መልሳችሁ ጥሩ።