የታመመች ዳክዬን ማስታመም፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ምግብ መጨረሻ

ዳክዬ ሕመሟን ትደብቃለች። ከጓደኞቿ ተነጥላ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች ጥግ ይዛ ካያችኋት፣ ሕመሙ የጀመራት ያን ዕለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «እስቲ ነገ እንያት» አይሠራም። ደንግጦ አንዴ እህል፣ አንዴ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዴ የሰው መድኃኒት ጉሮሮዋ ውስጥ መጠቅጠቅ ግን ከዝምታው ይብሳል። የቀዘቀዘች ወፍ አንጀት ሥራውን ያዘገያል፤ በግድ የገባው ምግብ ሳይፈጭ እዚያው ይበላሻል። ውሃ ያጠራት ዳክዬም እንዲሁ ናት፤ ድርቀቷ ሳይቃለል የተሰጣት ምግብ አይረባትም። ቅደም ተከተሉን የሙጥኝ ማለት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ስታነሷት በአንገቷም በእግሯም አትያዙ። የዳክዬ እግር እንደ ዶሮ እግር ጠንካራ አይደለም፤ ተይዛ ስትወራጭ በቀላሉ ይወልቃል። ክንፎቿን ከጎኗ ጋር አጣብቃችሁ ያዙና በሌላው እጃችሁ እግሮቿን ከሥር ደግፉ።

ማረፊያዋ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ካርቶን ይበቃታል። ከሥሩ ፎጣ አንጥፉ። ጋዜጣ ያንሸራትታል፤ የደከመች ዳክዬ እግር ግራና ቀኝ ተከፍቶ ሌላ በሽታ ይጨመርባታል። የሻገተ ጭድ ፈጽሞ አይግባ፤ ብናኙ ሳንባዋ ውስጥ ፈንገስ ያበቅላል፣ ያ ደግሞ አንዴ ከያዛት የሚድን ነገር አይደለም ማለት ይቻላል።

ለሙቀቱ የሃይላንድ ፕላስቲክ ትኩስ ውሃ ሙሉና በጨርቅ ጠቅልሉት። የሚፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያሟሽሸዋል። ጠርሙሱን በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አድርጉት፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን ትሸሻለች። ለትልቅ ዳክዬ የካርቶኑ ውስጥ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ፣ የመጀመሪያ ሳምንቷ ላይ ላለች ጫጩት 32 ዲግሪ ገደማ ይሁን። አፏን ከፍታ ካለከለከችና ክንፏን ከጎኗ ካራቀች በዝቷል። የጤነኛ ዳክዬ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ስለሆነ በእጅ ዳስሶ «ትኩሳት አላት» ማለት አያስኬድም፤ ደኅነኛዋም ለእጃችን ትኩስ ናት። ይልቅ እግሯን ንኩ፤ ክፍሉ ሞቆ ሳለ እግሯ በረዶ ከሆነ ሙቀቱ ገና አልደረሳትም።

ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጧት። ዕጣንም እዚያ ክፍል አይጨስ፤ የወፍ ሳንባ ከኛ ይልቅ ለጢስ ስስ ነው። የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ሲግል የሚያወጣው ትነትም ወፍ ይገድላል።

ጓደኛ ካላት ድምፅ የምትሰማበት ቦታ አስቀምጧት። ብቻዋን የቀረች ዳክዬ ምግብ ትተዋለች። ከአንድ በላይ ታመው ከሆነ ግን ጨርሶ ለዩ።

ስትሞቅ ቀስ ብላችሁ መርምሯት። በኩሽና ሚዛን መዝኑና ጻፉ፤ በየቀኑ ጠዋት ከምግብ በፊት መድገም ያስፈልጋል፣ ከዓይናችሁ ይልቅ ሚዛኑ ቀድሞ ይናገራል። የደረቷን አጥንት ዳስሱ፤ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ሕመሙ የሰነበተ ነው። የእግሯን መዳፍ፣ የዓይኗን ዙሪያ፣ የአፍንጫዋን ቀዳዳና የኩስ መውጫዋን እዩ። ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ መተንፈስ እየከበዳት ነው።

ውሃ

አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለብ ያለ ይሁን፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ኦ አር ኤሱን ከ2 ቀን በላይ ብቸኛ መጠጧ አታድርጉት።

ዳክዬ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎዋ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋታል። ስለዚህ 3 ኪሎ የምትመዝን ከ150 እስከ 180 ሚሊ ሊትር፣ ካስቀመጣት ደግሞ ከዚያ በላይ። ራሷ ከጠጣች ጥልቀት የሌለው ሳህን አቅርቡላት፤ አንገቷን መሸከም ያቃታት ዳክዬ አምስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ሰጥማ ትሞታለች።

ካልጠጣች መርፌ የሌለው 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያዙ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዳክዬ የሚሞተው። የአየር ቧንቧዋ አፍ ከምላሷ ሥር ክፍት ሆኖ ይታያል፤ አፏን ከፍቶ ውሃ የሚገፋ ሰው በቀጥታ ወደ ሳንባዋ ያስገባል። አፏን አትክፈቱ። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ ከአፏ ጠርዝ በጎን በኩል ጠብታ ጠብታ አድርጉላት፣ ምላሷን እያንቀሳቀሰች ስትውጥ ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላ ጠብታ። ጉሮሮዋ ካልተንቀሳቀሰ አቁሙ። መዋጥ የማትችል ዳክዬ በአፍ ምንም አይሰጣትም፤ በቆዳ ሥር ፈሳሽ የሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት።

ምግብ

ከሞቀችና ከጠጣች በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰዓታት ወዲያ፣ የጫጩት መኖ በሙቅ ውሃ አርሳችሁ እንደ ላላ ገንፎ አቅርቡ። የተቀቀለ እንቁላል ፈጭቶ መቀላቀል ይረዳል። እምቢ ካለች አንድ ብልሃት አለ፦ ሰላጣ በደቃቁ ከትፋችሁ ውሃ ላይ አንሳፉት። ከሳህን ንክች የማትል ዳክዬ የሚንሳፈፍ ነገር ስታይ ትለቅማለች፤ ተፈጥሮዋ ነው።

ወተት አትስጡ፣ ወፍ የወተትን ስኳር አትፈጭም። አቮካዶ መርዝ ነው፤ ሥጋውም፣ ልጣጩም፣ ቅጠሉም። ዳቦና እንጀራ ሆድ ይሞላሉ እንጂ አይጠግኑም።

የሻገተ እንጀራ፣ የሻገተ በቆሎ፣ የሰነበተ ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ግን ለብቻው መነሣት አለበት። እኛ ቤት «ለዶሮ ይጣል» የሚባለው ነገር ዳክዬ ላይ ሲደርስ ሌላ ነው። ከቤት ወፎች ሁሉ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ መቋቋም የማትችለው ዳክዬ ናት፤ ዶሮ በልታ የምትተርፍበት መጠን ጉበቷን ይጨርሳል። መርዙ ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች፣ ከእነሱም ጋር የዳክዬ ጫጩቶች፣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። ሻጋታውን መጥረግ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።

እግሯ ከያዛት

እዚህ አገር ቤት ውስጥ ዳክዬ የሚያሳድግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው የዶሮ መኖ ነው፤ የብዙ ጫጩት እግር የሚጣመመውም በዚሁ ነው። የዳክዬ ጫጩት በ1 ኪሎ መኖ 55 ሚሊ ግራም ያህል ናያሲን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 3፣ ትፈልጋለች። ለዶሮ የተዘጋጀው ከዚያ ግማሽ ገደማ ቢኖረው ለዶሮዋ ይበቃታል። መኖው በቆሎ የበዛበት ከሆነ ደግሞ በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን ታስሮ ስለሚቀመጥ አብዛኛው ሳይጠቅም ያልፋል።

ምልክቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይታያል፦ ጫጩቷ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ቁጭ ትላለች፣ ብዙ ሰው «ጉልበት» የሚለው የኋላ መታጠፊያዋ ያብጣል፣ እግሯ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ በመጨረሻ በዚያ መታጠፊያ ላይ ትድሃለች። ከፋርማሲ ቢ ኮምፕሌክስ ግዙና ጀርባው ላይ «ኒኮቲናማይድ» (የናያሲን አንዱ ዓይነት ነው) የሚለውን መጠን አንብቡ። በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ግራም እንዲሆን አስቡ፤ አንዱ ጽላት 20 ሚሊ ግራም ካለው ሁለት ጽላት ፈጭቶ በ1 ሊትር ማለት ነው። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፣ ሌላ ውሃ አይቅረብላት። የደረቀ የቢራ እርሾ ካገኛችሁ በአንድ ስኒ መኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነስንሱ። የዳቦ እርሾ ግን ሕያው ነው፤ ሆዷ ውስጥ ይቦካል። ለውዝም ናያሲን ሞልቶታል፣ ሆኖም ከላይ ስለ ሻጋታ የተባለው ሁሉ ለለውዝ በእጥፍ ይሠራል።

ቶሎ ከተደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ዛሬ ቆመች ተብሎ አይቋረጥ፤ እስከ 10 ሳምንት ዕድሜዋ ይቀጥል። መገጣጠሚያው ከዞረ በኋላ የተጀመረ ቫይታሚን ግን የጎበጠውን አያቃናም።

ትልቋ ካነከሰች መዳፏን ገልብጡ። መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ቅርፊት፣ ዙሪያው ያበጠ ከሆነ ቁስሉ ውስጥ መግል አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሊሾ ወለል፣ የማይደርቅ ጭቃ ወይም ከመጠን ያለፈ ክብደት ነው። ለብ ባለ የጨው ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ አድርቁ፣ ፖቪዶን አዮዲን ቀቡ፣ በጎዝ ጠቅልሉና ደረቅና ለስላሳ ቦታ ላይ አኑሯት፤ በየቀኑ ይደገም። በምላጭ አትቁረጡት፣ እግሯ ላይ የሚፈሰው ደም በቀላሉ አይቆምም። መዳፏ ንጹሕ ሆኖ ካነከሰች ወለምታ ሊሆን ይችላል፤ እረፍትና በቀን አንዴ ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ መንሳፈፍ እግሯን ከክብደቷ ያሳርፈዋል።

አንገቷ ከዛለ፣ ካማጠች

መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ክንፍ፣ በመጨረሻ አንገት እየዛለ ከመጣ ቦቱሊዝምን፣ ማለትም በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ሽባነትን፣ ጠርጥሩ። መርዙ የሚመጣው ከበሰበሰ ሥጋ፣ እዚያ ላይ ከፈላ ትልና ከረጋ ቆሻሻ ውሃ ነው። ግቢውን ፈትሹ፤ የሞተ አይጥ ካለ አንሡ፣ ሌሎቹንም ከውሃው አርቁ። የታመመችዋን አንገት በተጠቀለለ ፎጣ አስደግፉ፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ወደ ላይ ይሁን። አሁንም መዋጥ ከቻለች ውሃ በጠብታ ስጡ፤ ቀለል ያለው ዓይነት በጥቂት ቀናት ይለቃታል።

ጭራዋን ዝቅ አድርጋ ደጋግማ የምታምጥ፣ ቀጥ ብላ የምትቆም እንስት እንቁላል ይዟት ይሆናል። ከ38 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ውሃ ከሆዷ በላይ እስኪደርስ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ አስቀምጧት፣ ከዚያ ጨለም ያለ ሙቅ ቦታ። ሆዷን አትጫኑ፤ ውስጧ የተሰበረ እንቁላል ይገድላታል። በ24 ሰዓት ካልወጣ ሐኪም ጋ ትሂድ፣ ካልሲየም በመርፌ ያስፈልጋታል።

ዓይኗ አረፋ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው ዕቃ ነው፤ ራሷን ጠልቃ ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጥብበት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋታል። በ1 ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው አድርጋችሁ በቀን ሦስቴ እጠቡላት።

መድኃኒትና ሐኪም

ከሱቅ የሚገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል የአንቲባዮቲክ ዱቄት የሁሉ ነገር መድኃኒት ተደርጎ ይወሰዳል። በቫይረስ፣ በመርዝና በቫይታሚን እጥረት ላይ ምንም አይሠራም፤ ከእንቁላል ቅርፊት ወይም ከሌላ ካልሲየም ጋር ከተሰጠም ተሳስሮ ይባክናል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው መጠን ደግሞ ለዶሮ ነው። ዳክዬ ከዶሮ እጅግ የበለጠ ውሃ ትጠጣለች፣ የተረፈውንም ትረጫለች፤ ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ መድኃኒት ምን ያህሉ ሆዷ እንደገባ ማንም አያውቅም። ሐኪሙ ሲያዝ በክብደቷ ተሰልቶ በአፏ እንዲሰጥ ጠይቁ፤ የጻፋችሁት ኪሎ እዚህ ይጠቅማል። የሰው ማስታገሻ በራሳችሁ አትስጡ።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም የሚያስፈልጋት፦ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ የሚያንዘፈዝፋት፣ ደም የምታስቀምጥ፣ ምስማር ወይም ሽቦ ውጣለች ተብላ የምትጠረጠር፣ ድመት ወይም ሽለመጥማጥ የነከሳት። የድመት ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ ነው፣ ላባው ይሸፍነዋል፤ ውስጡ የገባው ባክቴሪያ ግን በአንድ ሁለት ቀን ደሟን ይበክላል። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ዳክዬ ብዙ ካልገጠመው፣ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ትኩስ ኩሷን በንጹሕ ፕላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ ባንዴ ከሞቱ ግን ሬሳ ተሸክሞ መዞር የለም፤ ለወረዳው አሳውቁ። ሳትሞት ላርዳት ብሎ የታመመችን ማረድ ደግሞ በሽታውን ኩሽና ማስገባት ነው።

በነካችኋት ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ዳክዬም ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ትሸከማለች። ዕቃዋን መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ በ1 እጅ በረኪናና በ9 እጅ ውሃ 10 ደቂቃ አቆይታችሁ አለቅልቁ።

ወደ ውሃና ወደ ጓደኞቿ መመለስ

ክብደቷ ሦስት ቀን በተከታታይ ካልቀነሰና ራሷ ከበላች የካርቶኑን ሙቀት ቀስ በቀስ ቀንሱ። በቀጥታ ኩሬ ውስጥ አትልቀቋት። ቀናት ሳትታጠብ የከረመች ዳክዬ ላባዋን በዘይት አልቀባችም፤ ውሃው ዘልቆ ያቀዘቅዛታል፣ ከብዷትም ልትሰጥም ትችላለች። በጀርባዋ ላይ እፍኝ ውሃ አርከፍክፉ፦ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ደህና ነው፣ ላባው ከጠቆረና ከተጣበቀ ገና ነው። ገና ከሆነ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለ5 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ትግባ፣ በፎጣ ትድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ላባዋን ታበጥር።

ከሌሎቹ ጋር ስትቀላቀል መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን በወንፊት ሽቦ ተለይተው ይተያዩ፤ ከዚያ ረጋ ካለች አንዲት እንስት ጋር አገናኟት። ወንዱ መጨረሻ ይግባ፤ ገና ያላገገመች ዳክዬ ላይ ወጥቶ እግሯን መልሶ ይሰብራል። አንቲባዮቲክ ወስዳ ከነበረ ደግሞ ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ እንቁላሏ አይበላ።