አስተርጓሚነትን ልትመራመሩ ብሪታኒያ ለገባችሁ ወሎዬዎች

ከደሴ፣ ከከሚሴም ሆነ ከወልዲያ ተነስታችሁ በአስተርጓሚነት ጥናት ዶክትሬት ልትሠሩ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን በደህና ገባችሁ። ሻንጣችሁን ሳትፈቱ አንድ ነገር ይገጥማችኋል። ሰፈር ያለው ሐበሻ ምን ልታጠኑ እንደመጣችሁ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ስልካችሁ አያርፍም። ከዱዓውም ከማኅበሩም ስትወጡ አንዷ እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፣ አብረሽኝ ትሄጂ?» ይላሉ። ወሎዬ ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንለትም።

አትሂዱ አልልም። ግን መጀመሪያ መብታቸውን ንገሯቸው። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ካሉ ኤንኤችኤስ (የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት) ያለ ክፍያ ያቀርባል። ይህን ማሳወቅ አብሮ ከመሄድ ይበልጣል። በተለይ ልጃቸውን አስከትለው ለሚሄዱ ንገሩ። የ10 ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም ለሐኪም ሲያስረዳ እናቲቱ ስንቱን ነገር እንደምትደብቅ አስቡት።

አብራችሁ ከሄዳችሁም እዚያ የሰማችሁትን ለጥናታችሁ እንዳትነኩት። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ የተሰበሰበ መረጃ ዋጋ የለውም። ሰዎቹ ዓላማው በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው መስማማት አለባቸው። ሆስፒታል ውስጥ መቅረጽ ካሰባችሁ የኤንኤችኤስ የራሱ ፈቃድ ይጨመራል፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት ጀምሩት።

ቀጥሎ የገንዘብ ነገር። አማርኛና ኦሮምኛ የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው፤ የአስተርጓሚ ድርጅቶች በስልክ ሥራ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። የተማሪ ቪዛችሁ ግን በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ተቀጥራችሁ እንድትሠሩ ብቻ ነው የሚፈቅደው። በግል መሥራት ጭራሽ ክልክል ነው። አብዛኛው የማስተርጎም ሥራ ደግሞ የሚከፈለው እንደ ግል ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በግል አምስት ሰዓት ብቻ ብትሠሩም ሕግ ጥሳችኋል። «ኧረ ሁሉም ይሠራል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ቪዛው የሚሰረዘው የእሱ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ተቀጣሪ ይበላችሁ ወይም የግል ሠራተኛ፣ ጠይቃችሁ እወቁ። ዶክትሬቱ ሲያልቅ የሚገኘው የ3 ዓመት የምሩቃን ቪዛ በግል መሥራትን ይፈቅዳል፣ ያኔ ትደርሱበታላችሁ። ቤተሰብን በተመለከተ ዕድለኞች ናችሁ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የተለመደው ማስተርስ ተማሪ ባለቤቱንና ልጆቹን ማምጣት ሲከለከል የምርምር ዲግሪ ተማሪ አልተነካም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ዶክትሬቱ ማስተርጎም አያስተምርም። ቡዝ (ድምፅ የማያሳልፍ የአስተርጓሚ ክፍል) ውስጥ ገብቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የሚሠለጥነው የማስተርስ ተማሪው ነው። እናንተ የምትመረምሩት ሌላው ሲያስተረጉም ምን እንደሚሆን ነው። እንደ ሄሪዮት-ዋትና ሊድስ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱንም ስለሚሰጡ፣ አማካሪያችሁን አስፈቅዳችሁ የማስተርሱ ክፍል ውስጥ ቁጭ በሉ። አማካሪዋን በስሟ ብቻ መጥራት መጀመሪያ ላይ አፋችሁን ይይዘዋል። አንቱ ብሎ ላደገ ሰው ይከብዳል፣ ግን ይለመዳል።

ርዕስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈረንሳዊው የአስተርጓሚነት ተመራማሪ ዳንኤል ዢል እንደሚለው፣ አስተርጓሚ በአንድ ጊዜ ያዳምጣል፣ ያስታውሳል፣ ይናገራል፣ ሦስቱንም ያቀናጃል፤ አቅሙ ግን ውስን ነው። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ያመጣል። ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን በ«አይደለም» ይዝጋው በ«ነው»፣ አስተርጓሚው እስኪሰማ ምን ይዞ ይጠብቃል? በጀርመንኛና በጃፓንኛ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። መነሻ ይሆናችኋል።

እኔን ግን ከቡዙ ይልቅ ችሎቱ ያጓጓኛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደሴ ላይ ችሎቱ በአማርኛ ነው፣ ከሚሴ ላይ በኦሮምኛ። መንገዱ ቅርብ ነው፤ የችሎቱ ቋንቋ ግን ይለወጣል። ታዲያ ማን ያስተረጉማል? እንዴት ተመረጠ? ያልተባለ ሲጨምር ማን ያርመዋል? ዶክትሬት የሚሆን ጥያቄ እዚሁ አጠገባችሁ አለ። የሰኞው የባቲ ገበያም አለ። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ከብት ሲገበያዩ የሚያስማማው ደላላ ያለ ክፍል ትምህርት የሠለጠነ አስተርጓሚ ነው። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ሴሲሊያ ቫደንሼ እውነተኛ ንግግሮችን ቀርጻ፣ አስተርጓሚ ቃል ከማሻገር አልፎ ውይይቱን ራሱን እንደሚመራ አሳይታለች። የባቲ ደላላ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ምን መስሏችሁ ነበር?» የሚል ይመስለኛል።

ለመስክ ሥራ ወደ ወሎ ስትመለሱ መውጣታችሁን ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ አሳውቁ፤ የቪዛችሁ ስፖንሰር እሱ ነው፣ የት እንዳላችሁ ማወቅ አለበት። የድጋፍ ደብዳቤም ሳትይዙ አትነሱ። በወረቀት ይሁን፣ ማኅተም ይኑረው፣ ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲም ሌላ ደብዳቤ ጨምሩበት። እዚህ በኢሜይል የሚያልቅ ጉዳይ እዚያ የዞን ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው ማኅተሙ ነው።