የቅመም ማሸጊያ ቶሎ አትጣሉ

አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ ቀረፋና እርድ ከሱቅ ገዝታችሁ ብልቃጥ ውስጥ ለምትገለብጡ፦ ማሸጊያውን ወዲያው አትጣሉት። የምርቱ ስም፣ የሎት ቁጥሩ (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየው ቁጥር) እና የመጠቀሚያ ጊዜው ያለበትን ቦታ በመቀስ ቆርጣችሁ ብልቃጡ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። መቁረጥ ከሰለቻችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ለምን መሰላችሁ? አንድ ምግብ ከገበያ ይሰብሰብ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠራው የድርጅቱ ምርት ሁሉ ሳይሆን የተወሰነ ሎት ነው። ቁጥሩ ከሌላችሁ ወይ ደህናውን ትደፋላችሁ፣ ወይ የተበከለውን ሻይ ውስጥ መጨመር ትቀጥላላችሁ።

በ2023 ቀረፋ የገባበት የልጆች የፖም ፍጭት እርሳስ (ሊድ) ተገኝቶበት ተሰበሰበ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ በርካሽ ሱቆች ስለሚሸጡ አንዳንድ የተፈጨ ቀረፋ ምርቶች አስጠነቀቀ። እርሳስ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም። ማፍላትም አያጠፋውም። ጀርም ቢሆን እሳት ይጨርሰው ነበር፤ ይሄ ግን ብረት ነው። ጉዳቱ ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል።

ማስጠንቀቂያው በኢሜይል እንዲደርሳችሁ ኤፍዲኤ ድረ ገጽ ላይ በነፃ መመዝገብ ትችላላችሁ። ሥጋና ዶሮ ግን በግብርና መሥሪያ ቤቱ በዩኤስዲኤ ሥር ስለሆነ እዚያም ለብቻ ተመዝገቡ። (ክፍፍሉ ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ።) ኢሜይሉ ይበዛል፤ አብዛኛው አይመለከታችሁም። ርዕሱን አይታችሁ እለፉ።

ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ በርበሬ ግን ሎት ቁጥር የለውም፤ ለሱ ይሄ ዘዴ አይሠራም።