የሙያ ማኅበራችሁ እንደገና ሲዋቀር የማትደግሟቸው ስህተቶች

የመሐንዲሶች ማኅበር ሲፈርስና ሲሠራ ሁለቴ አይቻለሁ። መጀመሪያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጥቶ ማኅበራት ሁሉ እንደገና ይመዝገቡ በተባለ ጊዜ ነው፤ ያኔ ተራ አባል ነበርኩ። ሁለተኛው ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድሮውን ሽሮ ሌላ ዙር ምዝገባ ሲያመጣ ነው። ያን ጊዜ የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። በመሃል አሥር ዓመት አለ። አባላት የሠሩት ስህተት ግን ቁርጥ አንድ ነው።

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሲቪል መሐንዲስ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ማኅበራችን መዋቅር ሊቀይር ነው አሉ። እኔን ምን ይመለከተኛል?» አለኝ። በስልክ የነገርኩትን እነሆ፣ ትንሽ አስፋፍቼ።

«መታወቂያዬ እጄ ላይ ነው»

የአባልነት መታወቂያ ሌላ፣ የሙያ ፈቃድ ሌላ። እኛ አገር ባለሙያውን የሚመዘግበው መንግሥት ነው። ማኅበሩ ቢፈርስ ፈቃዳችሁ አይፈርስም፤ ማኅበሩ ቢጠናከርም ፈቃዳችሁን አያድስላችሁም። አንድ ልጅ የማደሻ ጊዜው አልፎበት «ማኅበሩ እየተዋቀረ ስለነበር ነው» ብሎ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አዘንኩለት።

መዋቅሩ የሚነካው ሌላውን ነው፦ የአባልነት ደረጃችሁን፣ ድምፃችሁን፣ መመረጥ መቻላችሁን፣ መዋጯችሁን፣ ማኅበሩ ስለ እናንተ የሚጽፈውን ደብዳቤ።

«ረቂቁን አይቼዋለሁ»

ይቺን የሠራኋት እኔው ነኝ።

በመጀመሪያው ዙር የአዲሱ መተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ አዳራሹ በር ላይ ታደለን። ሠላሳ አራት ገጽ። ከደቡብ፣ ከመንገድ ፕሮጀክት ሌሊቱን ስጓዝ አድሬ ነው የደረስኩት፤ ዓይኔ በእንቅልፍ ተጨናብሷል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች አነበብኩ። ዓላማ፣ ራዕይ፣ እሴት። ማን ይቃወመዋል? ከሻይና ቦምቦሊኖ በኋላ ሰብሳቢው «የምትደግፉ» ሲሉ እጄን አወጣሁ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ «መሸጋገሪያ ድንጋጌዎች» የሚል ክፍል ነበር። ሁለት ዓመት መዋጮ ያልከፈለ ሙሉ አባል ደንቡ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ወደ ተባባሪ አባልነት ይዛወራል ይላል። ተባባሪ አባል ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ ፊልድ ላይ ስለነበርኩ በትክክል የሁለት ዓመት ውዝፍ ነበረብኝ። ከሦስት ወር በኋላ ለምርጫ ስመጣ ስሜ ከመራጮች ዝርዝር ላይ የለም። ገንዘብ ያዡ ቃለ ጉባኤውን ገልጠው፣ ጣታቸውን ፊርማዬ ላይ አድርገው «እርስዎም እኮ ደግፈዋል» አሉኝ። ምን ይባላል? ዞሬ ወጣሁ።

ስለዚህ ረቂቅ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚነበበው። መጀመሪያ መሸጋገሪያው፣ ቀጥሎ የአባልነት ደረጃዎች፣ ቀጥሎ ማን ድምፅ ይሰጣል የሚለው፣ ከዚያ መዋጮ። ራዕዩን ለሻይ ሰዓት ተዉት።

«ሲረጋጋ እከፍላለሁ»

አይረጋጋም። ዕዳችሁም ወደ አዲሱ መዝገብ አብሮ ይሻገራል። ክፈሉ፣ ደረሰኙንም ቤታችሁ አስቀምጡ። የእኛ ጽሕፈት ቤት ቢሮ ሲለውጥ ሁለት ካርቶን የደረሰኝ ቀሪ ጄነሬተር ክፍል ውስጥ ውሃ በልቶት ነው ያገኘነው። ደረሰኝ ይዞ የመጣ ሰው ስሙ ተስተካከለለት። «ከፍያለሁ፣ እግዜር ያውቃል» ያለውን ግን እግዜር እንጂ ኦዲተሩ አላወቀለትም።

«ምልዓተ ጉባኤ አይሟላም፣ ምን አደከመኝ»

አሁን ወደሚያናድደኝ መጣሁ።

በሁለተኛው ዙር ጥሪ ያደረግነው ለቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ነበር። በኢሜይል ልከናል፣ በቴሌግራም ልከናል፣ ለነባሮቹ በስልክ ደውለናል። ከአራት መቶ በላይ አባል አለን። 4 ሰዓት ላይ የመገኛ ፎርሙን ብቆጥር ስድሳ አንድ ፊርማ ነው ያለው። ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለውሳኔ የሚበቃ የአባል ቁጥር፣ ስላልሞላ በትነን ለሌላ ቅዳሜ ቀጠርን። ደንባችን እንደ ብዙዎቹ ማኅበራት ደንብ «ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ በተገኙት አባላት ይካሄዳል» ይላል። በሁለተኛው ቅዳሜ የተገኘነው ሠላሳ ስምንት ሰዎች ነን። ሠላሳ ስምንት ሰው ለአራት መቶ ሰው የአባልነት ደረጃ አወጣ፣ መዋጮ ጨመረ፣ ሦስት የሙያ ዘርፍ አጠፈ፣ ሌላ ሁለት አንድ ላይ ጨፈለቀ።

የዚያን ዕለት ማታ ግሩፑ ነደደ። «ማን ጠየቀን?» «በጓዳ የተሠራ ነው!» ስልኬ እስከ እኩለ ሌሊት ጮኸ። በጣም የጮኹትን ስም ከፎርሙ ጋር አመሳከርኩ። አንዳቸውም በአንዱም ቅዳሜ አልመጡም። አንዱን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ፤ የሰፈሬ ሰው ነው። እድር ስብሰባ ሲኖር የኮንክሪት ሙሌት አቋርጦ ይመጣል፣ ሃምሳ ብር እንዳይቀጣ። ድንኳንና ወንበር ለሚያከራይ እድር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ሃያ ዓመት የለፋበትን ሙያ ለሠላሳ ስምንት ሰው ሰጥቶ ቅዳሜውን ይተኛል!

መምጣት ካልቻላችሁ ደንቡ ውክልና ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማይፈቅድ ከሆነም አስተያየታችሁን በጽሑፍ ላኩና ቃለ ጉባኤ ላይ ይመዝገብልኝ በሉ። ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁበት ጊዜ እንዲህ ያደረጉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የሁለቱም ሐሳብ ጉባኤው ፊት ተነብቦ አንደኛው ተቀባይነት አገኘ።

«ውጭ ነኝ፣ እኔን አይነካኝም»

ውጭ ያላችሁትን ይበልጥ ይነካችኋል። በ2001ዱ አዋጅ «የኢትዮጵያ ማኅበር» ተብሎ የተመዘገበ ማኅበር አባላቱ በሙሉ ኢትዮጵያውያን መሆን ነበረባቸው፤ ከውጭ ምንጭ የሚያገኘው ገንዘብም ከ10 በመቶ መብለጥ አይችልም። አሜሪካ ሄዶ ዜግነት የለወጠ ነባር አባል የአባልነት ቁጥሩን እንደያዘ ሕጉ ከአባልነት አወጣው ማለት ነው። ብዙዎቹ የሰሙት ከዓመታት በኋላ ነው። ያ አዋጅ ዛሬ የለም። የአባልነት መስፈርት ግን በየደንቡ ይለያያልና ዜግነታችሁን ስትለውጡ ለማኅበራችሁ አሳውቁ።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራ የውጭ መሐንዲስ በሳዑዲ መሐንዲሶች ምክር ቤት መመዝገብ አለበት። ሪያድ ያለ ወዳጄ ከማኅበራችን ያጻፈው ደብዳቤ ራስጌው በድሮው ስም፣ ማኅተሙ በአዲሱ ስም ሆኖ ወጣ። የተቀበለው ሠራተኛ ወረቀቱን ሁለቴ አገላብጦ መለሰለት። ሌላ ደብዳቤ እስኪደርሰው አንድ ወር ከሳምንት ፈጀ። ስም ሲቀየር «ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረው» የሚል ማረጋገጫ ወዲያው አጽፉና አስቀምጡ።

በነገራችን ላይ ይሄ የእኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ1871 እ.ኤ.አ. የቴሌግራፍ መሐንዲሶች ማኅበር ብለው የጀመሩት፣ በኋላ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩሽን የተባለው አንጋፋ ተቋም በ2006 እ.ኤ.አ. ከሌላ የመሐንዲሶች ተቋም ጋር ተዋሕዶ የኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩሽን፣ በአጭሩ አይ ኢ ቲ ሆነ። ከስሙ ኋላ ኤም አይ ኢ ኢ የሚለውን የድሮውን ተቋም የአባልነት ምህጻረ ቃል ሲጽፍ የኖረ አባል ሁሉ ወደ ኤም አይ ኢ ቲ ዞረ። የቢዝነስ ካርድ አታሚዎች ሳይደሰቱ አልቀሩም።

«የቅርንጫፉ ሒሳብ የእኛ ነው»

ሕጋዊ ሰውነቱ፣ ማለትም በሕግ ፊት በራስ ስም ንብረት የመያዝ መብቱ፣ የማዕከሉ ከሆነ የእናንተ አይደለም። ከመዋቅሩ በፊት ንብረቱን ቆጥራችሁ፣ የባንክ ሒሳቡን መዝግባችሁ አስፈርሙ።

«በቃ ለቅቄያለሁ»

ተናዶ የለቀቀ ሰው በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ወንበር የለውም። አንዳንዱ ቦርድ ደግሞ ይህንኑ ነው የሚጠብቀው።

ወጣቱ መሐንዲስ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ ጋሼ፣ ግን እኮ ረቂቁ አልደረሰኝም» አለኝ። ኢሜይልህን ክፈትና ፈልግ አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ። ከሦስት ሳምንት በፊት ተልኮለታል። ጉባኤው በማግስቱ ነበር።