ዓይነ ስውር አንባቢ ሲመጣ ቤተ መጻሕፍት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስካን አድርጎ «ተዘጋጅቷል» ማለት። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ስካን ብቻ የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው። ዓይን ፊደል ያይበታል፤ ስክሪን ሪደር (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ግን የሚያነበው አያገኝም። ተማሪው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ባለ 200 ገጹን ፋይል ይከፍታል። «ባዶ» ይለዋል፣ ወይ ጭራሽ ዝም። ኮምፒዩተሩ የተበላሸ መስሎት ዘግቶ ይከፍታል። ያው ነው።

መፈተሹ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንዷን ቃል በማውስ ለመምረጥ ይሞክሩ፤ እምቢ ካለች ፎቶ ነው። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ውጤቱን ግን ሰው ማረም አለበት፣ በተለይ የእኛን ፊደል። «ነ» እና «ኘ» ለማሽን መንታ ናቸው። የምዕራፍ ርዕሶችም በፋይሉ ውስጥ ርዕስ ተብለው ይመዝገቡ፤ ፊደሉን ማድመቅ ብቻ አይበቃም። አለዚያ አንባቢው ምዕራፍ 7ን ፍለጋ ከመጀመሪያው ሲያዳምጥ ይውላል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። ፋይሉን ከመስጠትዎ በፊት ሞኒተሩን አጥፍተው በሱ ያዳምጡት።

ሁሉም ብሬል ያነባል ብሎ ማሰብ። በጉልምስናው ዓይኑን ያጣ ሰው ብሬል ላይችል ይችላል። ጥቂት የሚያይ ደግሞ መጠኑ 18 ፖይንት ያህል የሆነ ጎላ ያለ ፊደልና ጥሩ መብራት ይበቃው ይሆናል። ጠይቆ መረዳት ነው።

«ድምፅ እያለ ብሬል ምን ያደርጋል?» ማለት። ይሄኛው ዘመናዊ መስሎ ስለሚቀርብ ብዙ ሰው ያሳስታል። እስቲ ረዘም ያለ የሒሳብ ቀመር በጆሮ ብቻ ይዘው ለመሥራት ይሞክሩ!

የብሬል መጻሕፍትን መከመር። ነጥቦቹ በክብደት ይጨፈለቃሉ፤ የተጨፈለቀ ነጥብ ደግሞ ለጣት የጠፋ ፊደል ነው። መጻሕፍቱ ሳይጨናነቁ ቀጥ ብለው ይቁሙ። አንድ የታተመ መጽሐፍ በብሬል ብዙ ጥራዝ ስለሚወጣው የጥራዙ ቁጥር በብሬልም ይጻፍበት።

በቅጂ መብት ስም በሩን መዝጋት። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት የመጣው ለዚሁ ነው። አባል አገሮች የባለመብቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሌላ ተደራሽ መልክ ቅጂ የሚዘጋጅበትን መንገድ በሕጋቸው ይከፍታሉ። «አይቻልም» ከማለት በፊት የአገሩን ሕግ ማየት ነው።

አብሮት የመጣውን ማናገር። «ምን ይፈልጋል?» ተብሎ ጓደኛው ይጠየቃል፣ ባለጉዳዩ እዚያው ቆሞ። እጁን ይዞ መጎተትም ያው ነው። ክንድዎን ይስጡት፣ እሱ ይይዝዎታል።

መርጦ መስጠት። ዓይነ ስውር ስለሆነ ብቻ የማበረታቻ መጽሐፍ ይወጣለታል። ሰውየው የመጣው የወንጀል ልቦለድ ፍለጋ ነው፤ ያውም ሁለተኛውን ክፍል።