ለእንግሊዝ የሕግ ድርጅቶች ኢንተርንሺፕ በድጋሚ ስታመለክቱ

በእንግሊዝና በዌልስ የሕግ ድርጅቶች ኢንተርንሺፕ ቫኬሽን ስኪም ይባላል። የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ነው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ግን ሶሊሲተር (ደንበኞችን የሚያማክር ጠበቃ) ለመሆን ለ2 ዓመት የሚሠለጥኑትን በአብዛኛው የሚመርጡት ከዚህ ውስጥ ስለሆነ ፉክክሩ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አለመግባት የተለመደ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ያንኑ ማመልከቻ ቀኑን ብቻ ቀይሮ መላክ ነው።

መጀመሪያ የት ላይ እንደቀራችሁ ለዩ። የውድቅ ኢሜይሎቻችሁን አውጡና በየድርጅቱ ስም ትይዩ በቅጹ፣ በኦንላይን ፈተናው፣ በቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ወይስ በመጨረሻው የምዘና ቀን እንደቀራችሁ ጻፉ። ከ10 ማመልከቻ 8ቱ በቅጹ ከቀሩ ችግሩ ጽሑፋችሁ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ብትለማመዱ አይፈታውም። እስከ ምዘናው ቀን የደረሳችሁ ደግሞ አስተያየት ጠይቁ። ድርጅቶች በቅጽ ለቀረ ሰው አስተያየት የሚሰጡት ከስንት አንዴ ነው፤ ፊት ለፊት ላዩት ሰው ግን ብዙዎቹ ይሰጣሉ።

«ከዚህ በፊት አመልክተዋል?» የሚል ጥያቄ ካለ እውነቱን መልሱ። የድሮው ማመልከቻ መዝገባቸው ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ውሸት ደግሞ በዚህ ሙያ ሥነ ምግባርን የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው። ብዙ ድርጅቶች በአንድ የቅጥር ዙር ከአንድ በላይ ማመልከቻ ስለማይቀበሉ ደንባቸውን አንብቡ። በሮቹ በአብዛኛው በመስከረምና በጥቅምት ይከፈታሉ። ማመልከቻ በደረሰ ቁጥር የሚያይ ድርጅት ከሆነ የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ ቦታው ካለቀ በኋላ መድረስ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፦ «የእኛን ድርጅት ለምን መረጥክ?» የድሮውን መልሳችሁን አውጡና የድርጅቱን ስም በተፎካካሪው ስም ተኩት። አሁንም እውነት ሆኖ ከተነበበ ጣሉት። «ዓለም አቀፍ ነው፣ ጥሩ ሥልጠና ይሰጣል» ለሁሉም ይሠራል። ይልቅ ድርጅቱ የያዘውን አንድ ጉዳይ ወይም ውል ምረጡ፣ የሕግ ሥራው ምን እንደነበር በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ፣ ከዚያ እናንተ ከሠራችሁት ጋር አያይዙት። ያረጀ መረጃም ያጋልጣል፤ አለን ኤንድ ኦቨሪ የተባለው የሕግ ድርጅት በሜይ 2024 ከሺርማን ኤንድ ስተርሊንግ ጋር ተዋህዶ ስሙ ኤ ኤንድ ኦ ሺርማን ሆኗል፤ በድሮው ስም የሚጻፍ ደብዳቤ ገና ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል።

በፈተናው የቀራችሁ ከሆነ፣ ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ዋትሰን ግሌዘር የሚባለው የአመክንዮ ፈተና ነው፤ በተለመደው ቅጹ 40 ጥያቄ በ30 ደቂቃ። ጎበዝ ተማሪዎችን የሚጥለው የውጭ እውቀት ይዞ መግባት ነው። «ሁሉም ሶሊሲተሮች ፈተና አልፈዋል፤ ፈተና ካለፉት አንዳንዶቹ መምህራን ናቸው» ከተባለ፣ «አንዳንድ ሶሊሲተሮች መምህራን ናቸው» የሚለው አይከተልም፤ በእውነተኛው ዓለም መምህር የሆነ ሶሊሲተር ቢኖርም እንኳ። ስህተቶቻችሁን በፈተናው 5 ክፍሎች ለይታችሁ መዝግቡ፤ ብዙ ሰው የሚደክመው በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ ነው።

ለቪዲዮው ሰዓት ይዛችሁ ራሳችሁን ቅረጹ፤ በቃል የሸመደዳችሁት መልስ መልሳችሁ ስታዩት ያስታውቃል።

ሐበሻ ልጆች በይሉኝታ ባዶ የሚተዉት ክፍል አለ፦ የኑሮ ሁኔታን የሚጠይቀው። ትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ትበሉ ከነበረ፣ ከቤተሰብ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት እናንተ የመጀመሪያዎቹ ከሆናችሁ፣ በስደተኝነት የመጣችሁ ከሆነ ሙሉት። ድርጅቶቹ የሚጠይቁት ውጤታችሁን ካለፋችሁበት ሁኔታ ጋር ለማመዛዘን ነው፤ ልመና አይደለም። ለወላጆቻችሁ ሐኪም ቤትና የመንግሥት ቢሮ እየሄዳችሁ ማስተርጎማችሁም በልምድ ክፍሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት ጉዳይ እንደሆነ ጨምራችሁ።

በመጨረሻም አዲሱ ማመልከቻ ከአምናው ወዲህ የሠራችሁትን ማሳየት አለበት። የዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ክሊኒክ ወይም የፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ሥራ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከ2021 በተጀመረው ኤስኪውኢ በሚባለው የብቃት ፈተና መንገድ ሶሊሲተር ለመሆን የሚያስፈልገው የ2 ዓመት የሥራ ልምድ እስከ 4 ቦታ ሊከፋፈል ስለሚችል፣ ይህ ጊዜ ሊቆጠርላችሁ ይችላል። የሠራችሁትን በየሳምንቱ መዝግቡ፤ ልምዱን የሚያረጋግጥላችሁ ሶሊሲተር ማን እንደሆነም ቦታውን ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሰውየው ሥራ ከቀየረ በኋላ ማፈላለጉ አድካሚ ነው።