የድሮ ፒካፕ ሳትሸወዱ እንዴት ትገዛላችሁ?

የድሮ ፒካፕ ዋጋ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ሃይሉክስ በሉት፣ ላንድክሩዘር በሉት፣ ዳትሰን በሉት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ግቢ ጥግ ቆመው ዶሮ ሲያድርባቸው የነበሩ መኪኖች ዛሬ በር እየተንኳኳ ይጠየቃሉ። ደላላውም ይህን አውቋል። ላሜራው በስቱኮ ተሞልቶ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ «ኦሪጅናል ናት» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ነው። ይህን የምጽፈው ገንዘባችሁ ቀለም ላይ እንዳይቀር ነው።

ዋጋው ለምን ወጣ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ዘለለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና፣ ያረጀውም ጭምር፣ ተፈላጊ ሆነ።

በውጭው ዓለምም ሰብሳቢዎች ፊታቸውን ወደ ፒካፕ አዙረዋል። ፒካፕ የሥራ መኪና ነው። ብዙው ተጭኖበት፣ ተጎትቶበት አልቋል። ደህና ሆኖ የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ይፈለጋል። አሜሪካ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአገሩን የደህንነት መስፈርት ባያሟላም እንዲገባ ይፈቀዳል። በዚህ የተነሳ እዚያ ጭራሽ ተሽጦ የማያውቀው «70 ሲሪስ» የሚባለው የላንድክሩዘር ሞዴል ፒካፕ ፈላጊ አግኝቷል። በደንብ የታደሰ «40 ሲሪስ» ላንድክሩዘር ደግሞ በጨረታ ከ100,000 ዶላር በላይ የወጣበት ጊዜ አለ። ታዲያ የዶላሩን ዋጋ በብር አባዝቶ የሚጠይቃችሁን ሻጭ አትስሙት። ደሴ ላይ ዋጋ የሚወስነው መኪናዋ የምትሠራው ሥራ፣ የመለዋወጫው መገኘትና የወረቀቱ ንጽህና ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምትገዙ ወስኑ

ለሥራ ከሆነ ሞተሩ ቢቀየርም ግድ የለም። የምትጭን፣ መንገድ ላይ የማትቆም መኪና ትበቃችኋለች። ለማቆየትና ዋጋዋ ሲጨምር ለመሸጥ ከሆነ ግን ከፋብሪካ የወጣችበት ሞተር፣ ጋቢናና ካሶኔ አብረው መኖር አለባቸው። እኔ ለወሎ መንገድ የምመርጠው ናፍጣ ሃይሉክስን ነው፤ የማይፈታው መካኒክ የለም። ባለ ቤንዚን ላንድክሩዘር ፒካፕ ያምራል፣ ሰብሳቢም ይወደዋል። ነገር ግን አራት ሊትር ገደማ የሚሆነውን ሞተር በዛሬ የቤንዚን ዋጋ መቀለብ ቀላል አይደለም።

መኪናዋን ከማየታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ

ሊብሬ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የዓመቱን ቦሎ ጠይቁ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው ወይ? በድሮ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ አይደለም። ባለቤቱ አባት አርፈዋል፤ ልጆቹ አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጅዳ ናቸው። እንዲህ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይቅረብ። ጅዳ ያለችውም ውክልና ትላክ። «አብሽር ወንድሜ፣ እህቴ እኮ ናት፣ ምንም አትልም» የሚለው ነገር ከልብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስም ግን አያዞርም። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸውም ይፈርሙ።

ታርጋውን እዩ፣ የቀድሞ ታርጋዋንም ጠይቁ። ኮድ 4 የመንግሥት ነው፤ በጨረታ ከወጣች የጨረታው ሰነድ ይኑር። ብርቱካናማው ታርጋ እንደ እርዳታ ድርጅት ያሉት ነው። ኮረምና ባቲ የተጎጂዎች መጠለያ ከነበሩበት ከ1977ቱ ድርቅ ጀምሮ በእኛ አካባቢ የድርጅት መኪና ጠፍቶ አያውቅም። እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ስም ማዞሩ ላይ ትቆማላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ መኪና ተዘርፏል። መኪናዋ እገዳ፣ የባንክ ዕዳ ወይም «ጠፍታለች» የሚል ማመልከቻ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስጠይቁ። ሻጩ ንጹሕ ከሆነ አብሯችሁ ይሄዳል።

የሻንሲ ቁጥሩ፦ እዚህ ጋ አትቸኩሉ

ሰው ሁሉ «አየሁት» ብሎ የሚያልፈው ይህንን ነው። የሚያየው ግን ቁጥሩ መኖሩን ብቻ ነው። የድሮ ፒካፕ ዋጋ ግማሹ እዚህች እጅ የምታህል ብረት ላይ ስላለ ዝርዝር አድርጌ ልንገራችሁ።

በድሮ ቶዮታ ፒካፕ ላይ ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አካባቢ፣ በሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን ከሥር በሚሸከመው ረጅም ብረት፣ የውጭ ጎን ላይ ነው። መሪውን እስከ ጥግ አዙሩ፣ የእጅ ባትሪ ያዙና ዝቅ በሉ። ጭቃና ግራሶ ከሸፈነው ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጉት። የሽቦ ብሩሽ ወይም ብርጭቆ ወረቀት በፍጹም አታስነኩት። የተፋቀ ቁጥር ነገ ምርመራ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄው ደግሞ መኪናዋን በያዘው ሰው ላይ ነው።

አሁን በደንብ እዩ። ከፋብሪካ የተመታ ቁጥር የፊደሉ ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው፣ በአሃዞቹ መሃል ያለው ርቀትም አይዘበራረቅም። አንዱ አሃዝ ከመስመር ከወጣ፣ አንዱ በጣም ጠልቆ ሌላው ከሳሳ ተጠራጠሩ። በቁጥሩ ዙሪያ ያለው ብረት ከሌላው ዝቅ ብሎ ከለሰለሰ ተሞርዷል ማለት ነው። አዲስ ቀለም ያለው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ከሆነም አትለፉት። ከሁሉ የከፋው ሻንሲው ተቆርጦ የሌላ መኪና ቁጥር የተበየደበት ነው። ብየዳው ከውጭ ተሞርዶ በቀለም ይሸፈናል። ስለዚህ እጃችሁን በሻንሲው ውስጠኛ ጎን አስገብታችሁ ዳስሱ። ብዙ ጊዜ ውስጡን የሚያስተካክለው የለም፣ ጣታችሁን ይቆረቁራችኋል። በመጨረሻ ስስ ወረቀት ደርባችሁ በእርሳስ አሹት። ዓይን ያልለየው የድሮ ቁጥር ርዝራዥ ወረቀቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ወረቀቱን ኪሳችሁ ክተቱት፤ ከሊብሬው ጋር የምታመሳክሩት በእሱ ነው።

ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ከፋብሪካ የተለጠፈች ትንሽ የብረት ጽሑፍ አለች። ሞዴሉ፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የሻንሲ ቁጥሩና የቀለሙ ኮድ እሷ ላይ ይገኛሉ። ሞዴል የሚለውን መስመር ማንበብ ከቻላችሁ ማንም ደላላ አያታልላችሁም። ከቁጥሩ በፊት ካሉት ፊደላት የመጨረሻው የመኪናውን ዓይነት ይነግራል፤ «ኤን» ሃይሉክስ ነው፣ «ጄ» ላንድክሩዘር። ከእሱ በፊት ያለው የሞተሩ ነው። «ኤልኤን» ካለ ስትወጣ ናፍጣ ነበረች። «አርኤን» ወይም «ዋይኤን» ካለ ቤንዚን ነበረች። ላንድክሩዘር ላይ «ኤፍጄ» ቤንዚን ነው፤ «ቢጄ»፣ «ኤችጄ» እና «ኤችዜድጄ» ናፍጣ ናቸው። ለምሳሌ «ኤልኤን 106» በፈረንጆች 1988 ከመጣው አምስተኛው ትውልድ የሆነች ባለ ናፍጣ ፎር ዊል ሃይሉክስ ናት። «ኤችዜድጄ 75» ደግሞ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያላት ላንድክሩዘር ናት።

አሁን አመሳክሩ። ጽሑፉ «አርኤን» እያለ የምትነሳው በናፍጣ ከሆነ ሞተሩ ተቀይሯል። ሞተር መቀየር ነውር የለውም፤ ሊብሬው ላይ መመዝገብ ግን አለበት። 2ኤል የሚባለው የሃይሉክስ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር ሲደክም 2.8 ሊትሩን 3ኤል ማስገባት የተለመደ ነው። ሻጩ «ጉልበት ጨምራለች» ይላችኋል፣ እውነቱን ነው። ለማቆየት የምትገዙ ከሆነ ግን ዋጋውን ቀንሱ፤ ነገ ከእናንተ የሚገዛው ሰብሳቢ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ሞተር ነው።

የፊት ግሪሉም ይናገራል። ቶዮታ ሞላላውን ምልክት የጀመረው በፈረንጆች 1989 ነው። ከዚያ በፊት የወጣች ናት የተባለች መኪና ግሪል ላይ ሞላላው ካለ ወይ ግሪሉ ተቀይሯል፣ ወይ ዓመቷ ተዋሽቷል።

አንድ የማውቀው ነጋዴ በሊብሬውና በሻንሲው መሃል የአንድ አሃዝ ልዩነት አይቶ «የጸሐፊ ስህተት ነው» ሲባል አምኖ ከፈለ። ስህተቱ እውነትም የጸሐፊ ሳይሆን አይቀርም። ግን ማስተካከል ያለበት የቀድሞው ባለቤት ነበር፣ እሱ ደግሞ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን አላነሳም። መኪናዋ እስካሁን ስሟ አልዞረም። አንዲት አሃዝም ብትሆን ሻጩ ራሱ ካላስተካከለ አትክፈሉ።

ዝገትና ስቱኮ

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ግርጌ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በካሶኔው ጠርዝ ላይ አሳርፉት። ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው። ከዚያ ሥሯ ግቡና ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ባሌስትራ የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ክፍል በተለይ እዩ። ከቆቦ ሽንኩርት ከልኩ በላይ ስትጭን የኖረች መኪና የምትሰነጠቀው እዚያ ነው። ባሌስትራ ተጨምሮባት ከሆነም ታሪኳን ከዚያ ታነባላችሁ። ከአፍዴራ ጨው ስታመላልስ የነበረችን መኪና እኔ ለማቆየት አልገዛም፣ በነፃ ዋጋ ካልሆነ በቀር። ጨው ከሻንሲ ውስጥ ታጥቦ አይወጣም።

የበሩ ላሜራ ዝገት ግን አያስፈራችሁ። ጎበዝ ባቲላሜራ ይመልሰዋል።

ሐረጎን ውረዱ፣ መልሳችሁ ውጡ

ደሴ ላይ የምትገዙ ከሆነ ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው ከሐረጎ ቁልቁለት የተሻለ መፈተኛ የለም። በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ። ከመነሳቷ በፊት ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል። በደሴ ብርድ አንገራግራ ከተነሳች ካንዴላዎቹን ወይም የሞተሩን ድካም አስቡ።

ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላች ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከቴስታታ፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ የድሮ 2ኤል ሞተር በቴስታታ መሰንጠቅ ይታወቃል። ጥቁር ጭስ ላይ ግን ፍርድ አትስጡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ደህና ናፍጣ ሞተርም ትንሽ ያጨሳል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁም ካልቀነሰ ያኔ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝልና ፓምፑን ጠርጥሩ።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። ጋዝ ስትለቁ ማርሹ ካመለጠ ካምቢዮው ደክሟል። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ከሳበች ልብ በሉ። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ቡና ጠጡና ዳገቱን ሳታሳርፏት ውጡ። ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። መርፌው መሃል ላይ ከቆየ ጥሩ ነው፤ እየወጣ ከሄደ ራዲያተሩ ነው ወይም ቴስታታው። ስትመለሱ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ፣ ያቃጥላችኋል። ሲበርድ ክፈቱትና አስነሱ፤ ውሃው አረፋ እያወጣ ከፈላ አትግዙ።

መካኒኩን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው ያመጣው መካኒክ የማን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

ክፍያና ከዚያ በኋላ

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን። ቀሪውን ውልና ማስረጃ ፊት ከተፈራረማችሁ በኋላ በባንክ ክፈሉ። የስም ማዞሪያውን ወጪ ማን እንደሚችል ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መኪናዋ እጃችሁ ስትገባ ቶሎ ቀለም ቤት አታስገቧት። የደበዘዘ የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ ቀለም ይበልጣል፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የድሮውን ፓራውልት፣ መሪ፣ መብራትና ቸርኬ ብትቀይሩም አትጣሉ። መካኒኩ «ቁራሌው ይውሰደው» ቢላችሁ እቤት ውሰዱት። የቀየራችሁትን ዕቃና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ደረሰኙንም አያይዙ፤ ነገ ዋጋ ስትጠሩ ይዛችሁት ትቀርባላችሁ።

ለሳምንታት የምትቆም ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ታንከሯን ናፍጣ ሙሉ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።